ከሰሜን ሸዋ ወደ ንግድ ጉባኤ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ የሱፍ ሥራ ነው የምሠራው። ከመንዝ ሸማኔዎች ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ)፣ ምንጣፍና በርኖስ እየተረከብኩ እሸጣለሁ። አዲስ አበባ ለሚደረጉ የንግድ ጉባኤዎች መመላለስ ከጀመርኩ ዓመታት ሆነኝ። አሁን አሁን ግብዣ የደረሰው ሰው ሁሉ ከመንገዱ በፊት ይደውልልኛል። አንዱ ከምንጃር፣ አንዱ ከሸዋ ሮቢት፣ ሌላው ከመሀል ሜዳ። የሚጠይቁኝ ግን ያው ነው። ደጋግሜ የመለስኩትን እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት።

አንድ ነገር ከመነሻው ልንገራችሁ። የጉባኤ ጥቅም የሚገኘው ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታትና ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ከዚህ በታች የምመልሰው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ግብዣ ደረሰኝ። ልሂድ ወይስ ልተወው?

መጀመሪያ የተጠራችሁት ወደ ምን እንደሆነ ለዩ። ባዛር መሸጫ ነው። ኤግዚቢሽን ማሳያ ነው። ጉባኤ መነጋገሪያ ነው። ሦስቱም በአንድ ግቢ ሲደረጉ ስለምናይ እንደ አንድ እንቆጥራቸዋለን። ጉባኤ ተብሎ ሃያ ባና ጭኖ የሄደ ሰው አውቃለሁ። ዕቃ የሚደረደርበት ቦታ እንኳ አልነበረም። ጥበቃዎቹ ጋ አስቀመጠውና ሁለት ቀን ሙሉ ልቡ እዚያው ሆኖ ዋለ። አንድም ሰው በወጉ ሳያነጋግር ተመለሰ።

ቀጥሎ ለአዘጋጁ ደውሉ። «ከገዢ በኩል እነማን ይመጣሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ተጠንቀቁ። የብቅል ገብስ የምታቀርቡ ከሆነ የፋብሪካ የግዢ ሠራተኛ የማይመጣበት ጉባኤ ብዙም አይጠቅማችሁም። ደግሞ አስቡት። ሐበሻም ዳሸንም እዚሁ ደብረ ብርሃን ላይ የቢራ ፋብሪካ አላቸው። ቦርትማልትም እዚሁ ብቅል ያመርታል። እነሱን ፍለጋ አዲስ አበባ ከመውረድ በፊት እዚህ በራቸውን ማንኳኳት ይቀድማል።

ከዚያ ወጪውን ደምሩ። ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ የመግቢያ ክፍያ ካለ እሱም። ሱቅ የሚዘጋበትን ወይም ሥራ የሚቆምበትን ቀን መቁጠር አትርሱ። ብዙ ሰው እሱን አይቆጥረውም። ድምሩን አይታችሁ «ይህን ገንዘብ ለማስመለስ ስንት መሸጥ አለብኝ?» በሉ። መልሱ ካስፈራችሁ ቅሩ። መቅረት ነውር የለውም።

ግብዣው ላይ ያለው ቀንና ሰዓት ግራ አጋባኝ። እንዴት ልረዳው?

በዚህ ጥያቄ ማንም አይፈር። ግብዣው በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ ስድስት ሰዓት ቀንሱ። «9፡00» የሚለው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። «14፡00» የሚለው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በአማርኛ የተጻፈ ፕሮግራም ላይም የፈረንጅ ሰዓት ሲገባ አይቻለሁ። ስለዚህ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ብቻ አይታችሁ አትመኑ።

ቀኑ ከሰዓቱ ይብሳል። «12/5» ተብሎ የተጻፈ ግብዣ ደርሶኝ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ካነበባችሁት ጥር 12 ነው። አዘጋጆቹ ግን ሜይ 12 ማለታቸው ነበር፤ ማለትም ግንቦት 4። አንድ ስልክ መደወል ነገሩን ይጨርሰዋል። ስትደውሉ የሳምንቱን ቀን ጠይቁ። «ማክሰኞ ነው አይደል?» ብላችሁ ካረጋገጣችሁ ስህተት አይኖርም።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በሌሊት ተነስቼ ብደርስ አይበቃም?

እኔ ማደርን እመርጣለሁ። መንገዱ እስከ ሰንዳፋ ጥሩ ይሄዳል። ጭንቁ ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ከኮተቤ እስከ መገናኛ ያለውን ሰልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሌሊት ተነስታችሁ ላምበረት መናኸሪያ ብትደርሱ እንኳ ከዚያ ቦሌ ወይም መስቀል አደባባይ መድረስ ሌላ ጉዞ ነው። ምዝገባው ላይ ተሰልፋችሁ፣ ላባችሁን እየጠረጋችሁ፣ የመጀመሪያው ሻይ ሲቀርብ ትገባላችሁ። ጠዋት ሰው ሁሉ ገና ትኩስ ሆኖ የሚተዋወቅበት ሰዓት አመለጣችሁ ማለት ነው።

ከመሀል ሜዳ ወይም ከአታዬ የምትነሱ ሙሉ አንድ ቀን ለመንገድ መድቡ። ከአረርቲ የምትነሱት በሞጆ፣ ከዓለም ከተማ የምትነሱት በሙከጡሪ ስለሆነ በደብረ ብርሃን በኩል የሚመጣውን ሰው አትጠብቁ። በዚህ ጊዜ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ መኪና መኖሩን መናኸሪያ ደውላችሁ ወይም ያለፈ ሰው ጠይቃችሁ አረጋግጡ። መንገድ ከተዘጋ ለአዘጋጁ ቀድማችሁ ንገሩ። ቀድሞ የተናገረ ሰው ለቀጣዩ ይጠራል።

ዘመድ ቤት ልደር ወይስ አልጋ ልያዝ?

ዘመድ ቤት ማደር ደስ ይላል። ግን እኛ ሸዋዎች ሰው ቤት ባዶ እጃችንን አንገባም። ሸኖ ላይ ወርደን ቅቤ እንገዛለን። ስንደርስ ቡና ይፈላል፣ የሀገር ቤት ወሬ ይጠየቃል፣ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ጠዋት «ቁርስ ሳትቀምስ አትወጣም» ይባላል። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው፤ እንዲቀርባችሁም አልልም። ጉባኤው ካለቀ በኋላ ባለው ማታ አድርጉት። ከጉባኤው በፊት ባለችው ሌሊት ለአዳራሹ ቅርብ የሆነ ንጹህ ፔንሲዮን ያዙና በጊዜ ተኙ።

ማኅበራችን አንድ ሰው ብቻ ነው መላክ የሚችለው። ማንን እንላክ?

ሥራውን በእጁ የሚሠራውን።

ብዙ ጊዜ የሚላከው ሊቀመንበሩ ነው። ክብር ስለሆነ። ሊቀመንበሩ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ምንም አይደለም። ግን ገዢ «ይህ ሽምብራ መቼ ተወቃ? የት ተከማቸ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «ጠይቄ አሳውቃለሁ» ከሆነ ነገሩ እዚያው ይቀዘቅዛል። በማኅበር ውስጥ ሴቶች አብዛኛውን ሥራ ሠርተው ወንድ የሚላክበትን ጊዜም አይቻለሁ። ሱፉን የምታጥበውና የምትፈትለው እሷ ናት። ገዢ የሚጠይቀውን የምታውቀውም እሷ ናት። እሷን ላኩ።

የሚሄደው ሰው ከመሄዱ በፊት አባላቱ ተሰብስበው ሦስት ነገር ይስጡት፦ የመጨረሻ ዋጋ፣ ሊያቀርቡ የሚችሉትን መጠንና ለመስማማት ሥልጣን እስከምን እንዳለው። ሲመለስ ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይንገራቸው። ማኅበሩ ወጪ ያደረገው ለሁሉም ነውና።

ከመሄዴ በፊት ምን ልዘጋጅ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ይሄ ነው።

ማግኘት የምትፈልጓቸውን ሦስት ሰዎች ጻፉ። አሥር አትጻፉ። ስማቸውን ባታውቁ ሥራቸውን ጻፉ፦ «የአንድ ትልቅ ሆቴል የግዢ ኃላፊ»፣ «ሽንኩርት በጅምላ የሚረከብ ሰው»፣ «የላኪ ድርጅት ባለቤት»። ፕሮግራሙ በቴሌግራም ወይም በወረቀት ቀድሞ ይመጣል። የተናጋሪዎችን ዝርዝር አንብቡ። ከዝርዝሩ ውስጥ የእናንተ ሰው ካለ ከተቻለ ቀድማችሁ አጭር መልእክት ላኩለት። «ሐሙስ እመጣለሁ፣ በሻይ ሰዓት አምስት ደቂቃ ባገኝዎት» ማለት ይበቃል። መልስ ባይመጣም ሰውየው ስማችሁን አይቶታል።

ከዚያ ቁጥሮቻችሁን እወቁ። ይህን የተማርኩት ከባድ ዋጋ ከፍዬ ነው። በመጀመሪያው ጉባኤዬ አንዲት የሆቴል ግዢ ኃላፊ የያዝኩትን ባና ማየት ፈለገች። ጥጉን ይዛ በሁለት ጣቷ አሸችው። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ሱፍ በደንብ ካልታጠበ የበጉ ቅባት እንዳለ ይቀራል፣ ይሸታል። ያን ነበር የምትፈትሸው። አላገኘችም። ቀና ብላ አየችኝና «በወር ስንት ማድረስ ይችላሉ?» አለችኝ። «የፈለጉትን ያህል» አልኳት። ልቤ ሞልቶ ነበር የመለስኩት። ባናውን በጥንቃቄ አጥፋ መለሰችልኝ። «እሺ፣ እንነጋገራለን» ብላ ሄደች። አልተነጋገርንም።

«የፈለጉትን ያህል» ለገዢ ጆሮ «አልቆጠርኩም» ማለት ነው። አንድ ባና ለመጨረስ ሱፉ ከታጠበበት ቀን ጀምሮ ስንት ቀን ይፈጃል? ስንት ሸማኔ አለኝ? መኸር ሲደርስ ስንቶቹ ወደ እርሻቸው ይሄዳሉ? ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ተመልሼ ከሸማኔዎቹ ጋር ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አሁን ሲጠይቁኝ ቁጥሩን እናገራለሁ፤ ትንሽ ቢሆንም እናገራለሁ። ትንሽ ነገር ግን እርግጠኛ ቁጥር ገዢን አያስከፋም።

ስለዚህ ዋጋችሁን፣ በወር ምን ያህል እንደምታደርሱ፣ ትዕዛዝ ከመጣ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ከስንት በታች እንደማትሸጡ በአንድ ትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ደረት ኪስ ውስጥ አስገቡ። ዋጋው ትራንስፖርትን ይጨምር አይጨምር እሱንም ለዩ። ደብረ ብርሃን ላይ የሚረከብና አዲስ አበባ መጋዘን ድረስ የሚመጣለት ገዢ ዋጋው አንድ አይደለም።

በመጨረሻ ይዛችሁ የምትሄዱት አንድ ጥያቄ ይኑራችሁ። ሥራችሁን የያዘው ችግር ምንድን ነው? ማሸጊያ ነው? ብድር ነው? የጥራት ፈተና የት እንደሚደረግ አለማወቅ ነው? አንዱን ምረጡና ለምታገኙት ሰው ሁሉ ያንኑ ጠይቁ። በሁለት ቀን ውስጥ ለአንድ ጥያቄ ከተለያየ ሰው የምታገኙት መልስ ለወር ይበቃችኋል።

ናሙና ልያዝ? ምን ያህል?

ያዙ፤ በእጅ የሚያዝ ያህል ብቻ። እኔ ሙሉ ባና ትቼ የአንድ ክንድ ቁራጭ ነው የምይዘው። አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ ቡናማ፤ ሁሉም ያልተነከረ የበጉ የራሱ ቀለም።

እህል ከሆነ አንድ ኪሎ በሚያሳይ ላስቲክ በቂ ነው። ላዩ ላይ የት እንደተመረተ፣ መቼ እንደታጨደ፣ የዝርያውን ስምና ስልካችሁን ጻፉ። የምንጃር ጤፍ ስሙ ቀድሞ የሄደ ነው፤ ስሙን ተጠቀሙበት፣ ግን ስሙ ብቻውን አይሸጥም። ገዢ እፍኝ ወስዶ መዳፉ ላይ ይበትነዋል። አፈርና ጠጠር ካየ «ምንጃር» ማለታችሁን አይሰማም። ናሙናውን ስታዘጋጁ ከጆንያው ላይ እንዳለ ዝገኑ። የተለቀመ ናሙና አሳይቶ ያልተለቀመ ማስረከብ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቻለው።

የብቅል ገብስ የምታመርቱ ደግሞ ተጨማሪ አለባችሁ። ገዢው የሚጠይቀው እርጥበቱን፣ የፍሬውን ወጥነት፣ የመብቀል አቅሙንና የፕሮቲን መጠኑን ነው። ለእንጀራና ለበሶ ፕሮቲን መብዛቱ ክፋት የለውም። ለቢራ ግን ፕሮቲኑ ሲበዛ ቢራው ይደፈርሳል፣ ከገብሱ የሚገኘውም ጭማቂ ይቀንሳል። ያልበቀለ ፍሬ ደግሞ ብቅል አይሆንም። የመብቀል አቅሙን ቤት ውስጥ መፈተሽ ይቻላል። መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አኑሩና ከጥቂት ቀናት በኋላ የበቀለውን ቁጠሩ። ከመቶ 95 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ደፍራችሁ ተናገሩ። የጅሩ ሰንጋ የሚያደልብ ሰውስ? በሬውን ይዞ አይሄድ ነገር። በስልክ የተነሳ ጥሩ ፎቶና አጭር ቪዲዮ ይበቃዋል፤ ከጎኑና ከኋላው የተነሳ፣ ሰው አጠገቡ የቆመበት፣ መጠኑ እንዲታይ።

ቢዝነስ ካርድ የግድ ነው?

የግድ አይደለም። ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ ስልካችሁን በጥራት የጻፋችሁበት ወረቀት ይሠራል። ግን ስልኩ የሚሠራና ሁሌም የሚነሳ ይሁን።

ምን ልልበስ?

ንጹህና ምቾት ያለው። ጫማው የለመዳችሁት ይሁን፤ ብዙ ትቆማላችሁ። ከደብረ ብርሃን ብርድ የለበሳችሁትን ወፍራም ጃኬት አዳራሹ ውስጥ ይዛችሁ እንዳትዞሩ ማደሪያችሁ ተዉት። የምትሸጡት የሚለበስ ነገር ከሆነ ግን እሱን ልበሱት። በርኖስ ለብሼ በሄድኩበት ቀን ሰው ራሱ እየመጣ ያናግረኝ ነበር።

የማላውቀውን ሰው ማነጋገር ያሳፍረኛል። ምን ላድርግ?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ በተለይ ከገጠር ወረዳ የሚሄዱ። አውቀዋለሁ ስሜቱን። እኛ «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። ስለራስ መናገር እንደ ጉራ ይቆጠራል። ትልቅ ሰው ሲናገር አቋርጦ መግባት ነውር ነው። እነዚህ ጥሩ ነገሮች ናቸው፤ እንድትጥሏቸው አልፈልግም። ግን ስለ ሥራችሁ መናገር ራስን ማሞገስ አይደለም። ሱፉን የፈተለችው እናት፣ ሰንጋውን ያደለበው ጎረቤት እዚያ አዳራሽ ውስጥ አፍ የላቸውም። አፋቸው እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው ብቻውን ቆሞ ሻይ ሲጠጣ ካያችሁ እሱ ደግሞ ማን በመጣልኝ እያለ ነው። ቀርባችሁ «ጤና ይስጥልኝ፣ ከሰሜን ሸዋ ነኝ፣ ሱፍ ነው የምሠራው። እርስዎስ?» በሉ። ይኸው ነው። «እርስዎስ?» የምትለዋ ቃል ሥራውን ትሠራለች። ከዚያ አዳምጡ።

አጠራር ላይ አትጨነቁ። የማታውቁትን ሰው በ«እርስዎ» ጀምሩ። ባጁ ላይ ዶክተር ወይም ኢንጂነር የሚል ካለ እሱን ተጠቀሙ፤ ከሌለ አቶ ወይም ወይዘሮ ማለት በቂ ነው። «ጋሼ» እና «እትዬ» እኛ ዘንድ ክብር ነው፤ ከተማ ላይ ግን አንዳንድ ሰው «አስረጀኝ» ይላል። ከተቀራረባችሁ በኋላ ይደርሳል። ሰላምታውንም ትንሽ አሳጥሩት። የቤተሰቡን፣ የከብቱንና የዝናቡን ደህንነት ጠይቃችሁ ስትጨርሱ የሻይ ሰዓቱ ሊያልቅ ይችላል።

ሰው ሲለያችሁ ወዲያው ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉ፦ ቀኑን፣ ምን እንደተነጋገራችሁ፣ ምን ቃል እንደገባችሁለት። «ነጭ ባና፣ ለ12 አልጋ፣ ዋጋ በስልክ» የሚል ይበቃል። ከመጀመሪያው ጉባኤ አንድ ፌስታል ሙሉ ብሮሸርና ካርድ ይዤ ተመልሼ የማን እንደሆነ አንዱንም መለየት አልቻልኩም። ፌስታሉ እንደታሰረ ቀረ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ንግግሩን እንዴት ልከታተል?

ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ ብዙ ጊዜ አስተርጓሚና ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ ይኖራል፤ በር ላይ ጠይቁ። መታወቂያ አስይዙ ሊሏችሁ ይችላሉ። ማዳመጫ ከሌለ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ማታ ከሚረዳ ሰው ጋር አንብቡት። ጥያቄ መጠየቅ ካማራችሁ በአማርኛ ጠይቁ። አዳራሹ ያለው አዲስ አበባ ነው። ግማሹ ሰው በልቡ «እኔም በአማርኛ በጠየቅኩ» እያለ ነው።

ሁሉም ንግግር ላይ መቀመጥ አለብኝ?

የለባችሁም። የመክፈቻው ንግግር ረጅም ነው። ከሥራችሁ ጋር የሚገናኙትን ሁለት ሦስት ንግግሮች ቀድማችሁ ምልክት አድርጉና እነሱን በደንብ ስሙ። የቀረውን ጊዜ ሰው ለማግኘት አውሉት። ተናጋሪውን ማነጋገር ከፈለጋችሁ ከመድረክ ሲወርድ ሁሉም ሰው እንደሚከበው እወቁ። ከንግግሩ በፊት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ነው ጥሩው ጊዜ።

ጾም ላይ ቢውልስ?

አብዛኛው ቡፌ የጾም አለው። ስትመዘገቡ ንገሯቸው። ለማንኛውም ከደብረ ሲና በኩል የምትመጡ ቆሎ ይዛችሁ ኑ፤ ጎን ለተቀመጠ ሰው እፍኝ ቆሎ መዘርጋት ከማንኛውም ቢዝነስ ካርድ ይበልጣል።

እኔ ስሄድ ሱቁን ማን ይያዘው?

ዘግታችሁ አትሂዱ፤ ካልቻላችሁ ግን የሚዘጋበትን ቀን በር ላይ ለጥፉ። የሚይዝላችሁ ሰው ካለ ዋጋውን ጽፋችሁ ስጡትና ጉባኤው ላይ እያላችሁ በየሰዓቱ አትደውሉለት። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ኮሪደር የሚመላለስ ሰው ጋ ማንም አይቀርብም።

ከተመለስኩ በኋላ ምን ላድርግ?

በሁለት ቀን ውስጥ ጻፉ። ሦስት ቀን ካለፈ ሰው ይረሳችኋል። እሱም በጉባኤው ላይ ብዙ ሰው አግኝቷል።

መልእክቱ አጭር ይሁን። እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ማክሰኞ ከሰዓት ሻይ ላይ የተገናኘን ከደብረ ብርሃን የመጣሁት የባና ነጋዴ ነኝ። ለ12 አልጋ ነጭ ባና እንደሚፈልጉ ነግረውኛል። የአንዱ መጠን፣ ዋጋና የሚደርስበት ቀን ከዚህ በታች አለ። ቁራጩን ናሙና በዚህ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው መላክ እችላለሁ። የት ይድረስልዎት?»

መጨረሻው ላይ ያለችውን ጥያቄ ልብ በሉ። ሰውየው የሚመልሰው ነገር ይኑረው። «በድጋሚ አመሰግናለሁ» ብሎ የሚያልቅ መልእክት መልስ አይመጣለትም። የባናውን ፎቶ አያይዙ፤ አንድ ብቻ፣ ጠዋት ብርሃን ላይ የተነሳ። ፕሮፎርማ ከተጠየቃችሁ በዚያው ቀን ላኩ። የንግድ ፈቃዳችሁ የታደሰ መሆኑንና የቲን ቁጥራችሁን ከጉባኤው በፊት አረጋግጡ። ድርጅት የሆነ ገዢ ያለ ደረሰኝ አይገዛም። የእናንተንም ደረሰኞች፣ የአልጋውንም የመግቢያውንም፣ አስቀምጡ፤ የሒሳብ መዝገብ የምትይዙ ከሆነ የሥራ ወጪ ናቸው።

ቃል የገባችሁትን ደግሞ ፈጽሙ። ለአንድ ሰው «የሸማኔውን ስልክ እልክልዎታለሁ» ካላችሁ፣ ምንም ባይገዛችሁም ላኩ።

«እደውላለሁ» ያሉኝ ሰዎች አልደወሉም። ስልክም አያነሱም።

የተለመደ ነው። አትቀየሙ። አንድ ጊዜ ጻፉ፣ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ደውሉ፣ ከወር በኋላ አዲስ ነገር ሲኖራችሁ እንደገና ጻፉ፦ አዲስ ምርት፣ የወጣ የጥራት ውጤት፣ የደረሰ መኸር። ከዚያ በላይ መጨቅጨቅ ይሆናል። ያቺ ባናዬን ያሸተተችው ሴት ከዓመት በኋላ በሌላ ጉባኤ አግኝታኛለች። አልረሳችኝም ነበር። የወሩን ቁጥር ነገርኳት። እሷም በዚህ ጊዜ ወረቀት አውጥታ ጻፈችው።

ገዢው «ሥራችሁን ቦታው ድረስ መጥቼ ልይ» ካለስ?

እንግዲህ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማንም ዝም ብሎ ሦስት ሰዓት መንገድ አይመጣም።

ብርዱን ቀድማችሁ ንገሩት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አዲስ አበቤ በቀላል ሹራብ መጥቶ ሲንቀጠቀጥ ምንም ነገር አይታየውም። ክረምት ከሆነ ጭጋጉንም፣ ወደ መንዝ የሚወስደውን መንገድ ጭቃም ንገሩት፤ ቢቻል ለጥቅምትና ለኅዳር አድርጉት። ሲወርድ ሙቅ ሻይ ይጠብቀው።

ከዚያ ከምሳ በፊት ወደ ሥራው ውሰዱት። እንግዳ አክባሪነታችን እዚህ ላይ ይጎዳናል። በግ እናርዳለን፣ ጠላ እንቀዳለን፣ ቀኑ ይመሻል፤ ሰውየው ጠግቦ፣ ሸማኔውን ሳያይ ይመለሳል። መጀመሪያ በጎቹን አሳዩት። ሱፉ የሚታጠብበትን ቦታ፣ የምትፈትለዋን ሴት፣ ሸማኔውን በጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ ሲሠራ ይይ። ፈታይዋ ራሷ ትንገረው፤ እናንተ አትተርጉሙላት። ዋጋው እዚያው በሸማኔው ፊት ይነገር። ምሳው ከዚያ በኋላ ይድረስ፤ ሸማኔውም ከእሱ ጋር ይቀመጥ።